የሉቃስ ትርፍ ቀን

ደብረ ሲና፣ ነሐሴ ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ

ይድረስ ለሸዋ ሮቢቱ ወዳጄ ለሷሊሕ፤

ከነባለቤትህ ከነራቢዓ፣ ከነማሽላህ፣ ከነከብቶችህ ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ከብርዱና ከጭጋጉ በቀር የነካኝ ነገር የለም። የቆላ አጥንት ደብረ ሲና ላይ ክረምት ማሳለፍ የለበትም ብዬ ለጣሊያኑ ሹም ባመለክት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የሚሰማኝ አይመስለኝም። ወንድሙ የሚባለው አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ከቤቱ ታጣ፣ ሸፈተ ተብሎ እኔን በመያዣነት እዚህ ካስቀመጡኝ ታኅሣሥ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮው ሄጄ ፊቴን አሳያለሁ። «አለህ?» ይለኛል በአስተርጓሚ። «አለሁ» እላለሁ። የሁለታችንም ሥራ ይኸው ነው።

ባለፈው የላክልኝ ወረቀት ሃያ ሦስት መስመር ነበረው። ቆጥሬዋለሁ፤ ሌላ የምቆጥረው የለኝም። አሥራ አንዱ ስለ ማሽላ፣ ስድስቱ ስለ ሮቢ ወንዝ ሙላት፣ ሦስቱ ስለ ራቢዓ ጉልበት ሕመም፣ ሁለቱ ሰላምታ። የቀረችው አንዲት መስመር «እቴነሽ ደህና ነች» ትላለች። ልጄ እኮ ነች፣ ሷሊሕ! ፊደል ያስቆጠርኳችሁ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ እርሷ የሰባት ዓመት ሕፃን፣ አንተ ጢም ያበቀልክ ነጋዴ። መጻፍ ትችላለች። ከሐምሌ ወዲህ ከወረቀትህ ግርጌ ሁለት ቃል መጨመር እንዴት አቃታት?

እዚህ ዘንድሮ ችቦ ክልክል ነው ተብሎ ታውጇል፤ እናንተም ዘንድ ሳይታወጅ አልቀረም። ተራራ ላይ የታየ እሳት ሁሉ ለሽፍታ ምልክት ነው ይላሉ። ልጃገረዶችም ተሰብስበው እየዘፈኑ ቤት ለቤት እንዳይዞሩ ተነግሯቸዋል። ዝም ያለ እንቁጣጣሽ ሊመጣብን ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በኋላ ግን ተቀምጬ ሳስበው፣ ጫጫታ በነበረበት ዘመን እኔ መች በዓል አይቼ አውቃለሁ? ከበሮ ሳስጠፍር፣ ቅኔ ስዘርፍ፣ ከቀሳውስቱ ጋር በመቋሚያ ስጨቃጨቅ ነው ያለፈው። የእቴነሽ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዓል በመጣ ቁጥር «ዛሬስ ቤት ትውላለህ?» ትለኝ ነበር። አንድም ዓመት አልዋልኩላትም። ይህ አሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ አንድ ቀን ወርጄ ልጄን ልይ ብዬ አመለከትኩ። አስተርጓሚው «በዓላችሁ በነሱ ወር ስንት ቀን ነው?» አለኝ። «እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው፣ ሴተምብሬ አሥራ አንድ» አልኩት። ጻፈ። ቢፈቅዱልኝ እመጣለሁ፤ እስከዚያው ስለ እቴነሽ ቢያንስ አሥራ አንድ መስመር ይገባኛል።

ወዳጅህ መሪጌታ ደስታ


ሸዋ ሮቢት፣ ነሐሴ ፳፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ ደስታ፤

ሰላምታዬን በእርስዎም በኔም ሃይማኖት ይቀበሉኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን። መስመር መቁጠርዎን ሳነብ አፈርኩ፤ ራቢዓ ግን የጉልበቷ ሕመም ሦስት መስመር በመድረሱ ኮርታለች።

አሁን በወረቀትም በመልክተኛዋ አፍም ለጠየቁኝ ሁሉ በየተራ ልመልስ። «ለምን በእጇ አልጻፈችም?» ላሉት፣ እጇ ሥራ ይዞ ነው። ወረቀታችንን የምታመላልስልን የጥጥ ነጋዴዋ ሰይዳ «ገበያ አላየኋትም» ማለቷ እውነት ነው፤ እቴነሽ በዚህ ዝናብ ከቤት አትወጣም። «ታማ ነበር ወይ?» ላሉት፣ አሁን ተሽሏታል። ራቢዓ ጧትና ማታ እርሷ ዘንድ ናት፤ በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን ስትወጣ ቢያዩ ሕመሙ ሦስት መስመር የሚገባው አይመስልዎትም።

ስለ አማችዎ የጠየቁትን በወረቀት አልመልስም። ሰይዳ አፍ አላት፤ በአፏ ትነግርዎታለች።

ማሽላው በቁመት እርስዎን አልፏል። (ይኸው፣ አንድ መስመር ብቻ።)

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከዚያ ገበያ ጥሩ ጥቁር የሐር ክር ይግዙልኝ፤ አንድ ክንድ ይበቃል። ሲመጡም ነጩን ጋቢዎን ይልበሱ፤ የነተበውን ሳይሆን አዲሱን። ለምን ብለው እንዳይጠይቁኝ፤ ምያለሁ። መሐላ ምን እንደሆነ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ። በዚህ እንዳይቆጡኝ፣ አደራ።

ተማሪዎ ሷሊሕ


ደብረ ሲና፣ ነሐሴ ፳፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ

ይድረስ ለሷሊሕ፤

ሰላምታ የለኝም። ወረቀትህን ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

እኔ በዕድሜዬ ስንት መርዶ አርድቻለሁ! በወረዳችን በቀወት ሰው ሲሞት «መሪጌታ ይንገሩልን» እየተባለ የምጠራው እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደሚጀመር አውቃለሁ። መጀመሪያ ስለ ዝናብና ስለ እህል ይወራል። ከዚያ «ትንሽ አሟት ነበር» ይባላል። ከዚያ «አሁን ተሽሏታል» ይባላል። ከዚያ ሰውየው ነጠላውን እንዲይዝ ይነገረዋል። አንተም በዚሁ መንገድ እየወሰድከኝ ነው፤ እኔው ባሳየሁህ መንገድ። ጥቁር ክር ምን ይሰፋበታል? የሐዘን ልብስ ነው። ነጭ ጋቢስ ተለብሶ ወዴት ይኬዳል?

የልጄን ነገር አንተም ታውቃለህ። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም አርባ ቀናቸው ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሱ ቀበረቻቸው። ሁለቱንም ጊዜ በተወለዱ ማግስት መልእክት ተልኮልኝ፣ ጮቤ ረግጬ፣ ጠላ አስጠምቄ፣ አገር ሰብስቤ ነበር። ሁለተኛውን ቀብረን ስንመለስ ምን እንዳለችኝ ታስታውሳለህ? «አባዬ፣ ደስታችን ፈጠነ» አለችኝ። በገዛ ስሜ ነው የወጋችኝ። ከዚያ ወዲህ ለእርሷ ደግ ነገር በመጣ ቁጥር እፈራለሁ፤ ዝም ስትል ግን የበለጠ እፈራለሁ።

የፈቃዱ ወረቀት ተፈርሞ እጄ ገብቷል። ሴተምብሬ አሥራ አንድ፣ ከጎህ እስከ ፀሐይ መግቢያ። ጎህ ሲቀድ ከዚህ ጭነት ይዞ የሚወርድ ካሚዮን አለ፤ ሾፌሩን ለምኜ እሺ ብሎኛል። ክሩንም ገዝቻለሁ። ሻጯ «ለምንዎ ነው አባቴ?» ስትለኝ ገንዘቡን አስቀምጬላት ሄድኩ።

እንደ ወዳጅ ጻፍልኝ። የምወርደው ልጄን ለማየት ነው ወይስ መቃብሯን? ይህን ካላወቅኩ ያን አቀበትና ቁልቁለት ልቤ አይችለውም።

ደስታ


ሸዋ ሮቢት፣ ጳጉሜን ፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

የኔታ፤

እቴነሽ አልሞተችም። ሰላምታውን ወደ ታች አውርጄዋለሁ፤ መጀመሪያ ይህ ይነበብ።

ወልዳለች። ሐምሌ ሃያ ሰባት ቀን፣ ወንድ። እርስዎን ወደዚያ ሲወስዱዎት ማርገዟን ማንም አላወቀም ነበር፤ እርሷም ያወቀችው በኋላ ነው። «እጇ ሥራ ይዞ ነው» ያልኩዎት ሐሰት አልነበረም። ምጡ ሁለት ቀን ወስዶባት ታማ ነበር፤ አሁን በእርግጥ ተሽሏታል። ሕፃኑ ይጠባል፣ ይጮኻል፣ ራቢዓን ይሸናባታል።

ጥቁሩ ክር ለማዕተብ ነው። እዚህ የሐር ክር ጠፋ፤ እቴነሽም የአያቱ እጅ የገመደው ክር ይሁንለት አለች። እኔ እስላሙ ለክርስቲያን ልጅ ማዕተብ ስጨነቅ መርዶ ይመስልብኛል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር? ነጭ ጋቢውም ሕፃኑን የሚታቀፉበት ነው። ወላሂ፣ ወረቀትዎን ሳነብ ራሴን ጠላሁት። ራቢዓም ስትሰማ «አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌውን ልትገድል ነበር» ብላ አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም።

ያስማለችኝ እቴነሽ ናት። በተወለደ ዕለት ራቢዓ በር ላይ ጠርታኝ ስገባ፣ «አርባው ሳይሞላ ለአባዬ እንዳትነግረው፤ ደስታችን እንዳይፈጥን» አለችኝ። ማልኩላት። አሁን አፈረስኩት። መሐላ ያፈረሰ ሰው አሥር ምስኪን ያብላ፣ ካልቻለም ሦስት ቀን ይጹም ይላል ሃይማኖታችን። ዘንድሮ አሥር ሰው ማብላት አልችልም፤ ስለዚህ ነገ ሐሙስን፣ ከዚያ ሰኞን፣ ደግሞ የሚቀጥለውን ሐሙስ እጾማለሁ። ለእርሷም መንገሬ አልቀረም። ስታለቅስ ቆየችና «እንግዲህ ከፈጠነም ይፍጠን፤ አባዬ ከሚሰቃይ» አለች።

አሁን ደግሞ የመቆጣት ተራው የኔ ነው። ወረቀትዎ አናት ላይ ምን ብለው ጻፉ? ዘመነ ሉቃስ! ጢሜን ይዤ ከሕፃናት መሃል አስቀምጠውኝ፣ አለንጋ እያወዛወዙ «በሉቃስ ጳጉሜን ስንት ናት?» ሲሉኝ «ስድስት!» ብዬ የጮኽኩት እኔ አይደለሁም? አምና ጳጉሜን አምስት ነበረች፤ ካቻምናም አምስት። ዘንድሮ ስድስት ናት። እንቁጣጣሽ የሚውለው ሴተምብሬ አሥራ ሁለት ነው፤ ወረቀትዎ ላይ ያለችው ቀን ጳጉሜን ስድስት ናት። ለአገሩ ሁሉ ጾምና በዓል የሚያወጡ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ አንድ ቀን ሙሉ ጠፋብዎ! እኛ እንኳ ቀን ብንስት ደመና ጨረቃዋን ሸፍኖብን ነው።

ግን የኔታ፣ በሚወዱት ታቦት ይዤዎታለሁ፣ ወረቀቱን እንዳያስለውጡት! እዚህም ሴቶቹ «አርባው በእንቁጣጣሽ ይውላል» እያሉ ነበር፤ እንደ እርስዎው ጳጉሜንን አምስት አድርገው። ቄሱም እሺ ብለዋቸው ነበር። እኔ ትናንት አርባ የማሽላ ፍሬ ደርድሬ ቆጠርኩ። የሐምሌው አራት፣ የነሐሴው ሠላሳ፣ የጳጉሜኗ ስድስት። አርባኛዋ ፍሬ ጳጉሜን ስድስት ላይ አረፈች፤ ሰኞ፣ በእርስዎ ወረቀት ቀን ላይ። በዓሉ ነው የሸሸዎት እንጂ ቀኑስ ይዞዎታል። ቄሱም እንደገና ቆጥረው «ሷሊሕ፣ አንተን ዲያቆን ማድረግ ነበር» ብለውኛል።

የኛም በዓል፣ ረጀብ ሃያ ሰባት፣ ከእንቁጣጣሽ ጋር ሳይገጥም አይቀርም፤ ጨረቃዋ ካላታለለችን። ሁለታችንም በዝምታ እናከብራለን፣ ኢንሻአላህ።

የቀረው ሰላምታ ይኸው። እንዴት ከርመዋል?

ሷሊሕ


ደብረ ሲና፣ ጳጉሜን ፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ (ስድስት! ስድስት!)

ሷሊሕ፣ ወንድሜ፤

ይህን የምጽፈው ሰይዳ አህያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ነው።

ትናንት በሩፋኤል፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ ከዲያቆኑ አፍ «ሉቃስ» የምትል ቃል ስትወጣ ራሴ ላይ ውሃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። የገዛ ስህተቴን እዚያው አየሁት። አንተ ቀድመኸኝ እንደነበር አላወቅኩም። ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ፣ ዛሬ ቅዳሜ ፊቴን ላሳይ ስሄድ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ፤ «ቀኑ ተሳስቷል፣ ወደ አሥራ ሁለት ለውጡልኝ» ልላቸው። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ገብቶ ወጣ። ሁለተኛው ገባ። በዚህ መሃል ሰይዳ ከአጥሩ ውጭ «መሪጌታ! መሪጌታ!» ብላ ስትጣራ ሰማሁ።

«እቴነሽ አልሞተችም» የምትለውን አንብቤ እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ነው የከዳኝ፤ ለራቢዓ ንገራት፣ ሦስት መስመር ይገባኛል። የቀረውን ሰይዳ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቴን እያየች ነው ያነበብኩት። አንድ ጊዜ ሳቅሁ መሰለኝ፤ አንድ ጊዜም አልቅሻለሁ።

ተጠርቼ ስገባ ሹሙ እንደ ወትሮው «አለህ?» አለኝ። «አለሁ!» ብዬ ስጮህ ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። አስተርጓሚው እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አይቶ «ሌላ ጉዳይ አለህ?» አለኝ። «የለኝም» አልኩና ወረቀቱን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነበር እኮ! ሁለት ሰው ቀድሞኝ ነው የዳንኩት። ቀኑን ቢሰርዙልኝና ሌላውን ባይፈርሙልኝስ? እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

በመጠርጠሬ ይቅር በለኝ። በመደበቅህ ይቅር ብዬሃለሁ። በጳጉሜኔ ስለሳቅህብኝ ግን ገና አልወሰንኩም።

ክሩን ገምጄዋለሁ። ጮቤ አልረገጥኩም፤ ለእቴነሽ እንዲህ ብለህ ንገራት። ለጎረቤት ትንፍሽ አላልኩም፣ ጠላም አላስጠመቅኩም። አባትሽ ደስታው እንዳይፈጥን በአንድ እጁ አፉን ይዞ፣ በአንድ እጁ ነው የጻፈልሽ በላት። ሰኞ እመጣለሁ፤ ካሚዮኑ ከተበላሸም በእግሬ።

ደስታ


ደብረ ሲና፣ መስከረም ፩ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ ዘመነ ዮሐንስ

ይድረስ ለወዳጄ ለሷሊሕ፤

እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ አሸጋገረህ። የናንተም ቀን ዛሬ ከሆነ እንኳን አደረሰህ።

በሾፌሩ በኩል «በደህና ገባ ወይ?» ብለህ ላስጠየቅከው፣ ገብቻለሁ። ኬላው ስንደርስ ፀሐይዋ አንድ ጣት ያህል ቀርቷት ነበር። ዘበኛው ወረቀቱን አገላብጦ «የት ነበርክ?» አለኝ። «በዓል» አልኩት። «በዓሉ ነገ አይደለም እንዴ?» አለኝ፤ ያገሬ ሰው ነው፣ ቁጥሩን ያውቃል። «የኔ ዛሬ ነበር» አልኩት። አሳለፈኝ።

ስለ ትናንቱ ብዙ አልጽፍም፤ አንተም ነበርክ። ቄሱ ልጁን ውሃው ውስጥ ሲነክሩት የጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ከበሮና ጸናጽል እንዲህ ያለ ዜማ አልሰማሁም። አንተ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ በጉን በገመድ ይዘህ ቆመህ፣ ጩኸቱን ስትሰማ «አለ! አለ!» እያልክ ለበጉ ስትነግረው ያዩህ ሴቶች ናቸው የነገሩኝ። በጉን በእግሩ አስረክበኸን፣ እኛ አርደን ስንበላ አንተ ሰኞህን ትጾም ነበር። ባትጾምም ሥጋችንን እንደማትበላ አውቃለሁ፤ ቆሎዋን ግን ትቆረጥም ነበር። በኔ የተነሳ ቆሎ አመለጠህ። ይህን አልረሳልህም።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከዋንዛው ሥር ያለውን ሰው አዩት ወይ?» ብለህ ደግሞ ስንሰነባበት በጆሮዬ ጠይቀኸኛል። አላየሁም። ጢሙ እንደረዘመ፣ እንደከሳ፣ ልጁን ስሰጠው «ልጄ» ብሎ ግንባሩን እንደሳመው፣ ጉልበቴን ሲስም እንባው በጋቢዬ እንዳለፈ አላውቅም። ማንንም አላየሁም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። አንተም አላየህም።

እቴነሽ ከስታለች፤ ግን ዓይኗ እንደ ድሮው ነው። ልንለያይ ስንል «አባዬ፣ አሁን መደሰት እንችላለን?» አለችኝ። ሕፃኑ ጢሜን ጨብጦ አልለቅም ብሎ ነበርና መልሴ ከእንባና ከሳቅ ጋር ተቀላቅሎብኛል።

የልጁን የቤት ስም ለኔ ተወችልኝ፤ አንተ በጉን ልታመጣ ስትወጣ ነው። ወንድሞቹ ያልደረሱባትን አርባኛ ቀን ደርሶባታል፤ ያውም በዓመቱ ትርፍ ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣው፣ መሪጌታው እንኳ በረሳት። ስለዚህ ተረፈ አልኩት። እናቱ ስሙን ሰምታ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ «ተረፈ» ብላ ጠራችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠራው ነው፤ አርባ ቀን ሙሉ ስም አልሰጠችውም ነበር።

ዛሬ እዚህ በዓሉ ዝም ያለ ነው። ትናንት ማታ ተራራው ሁሉ ጨለማ ነበር፤ አንድም ችቦ አልታየም። ጧት ግን ከደጄ የታችኛው መስክ አደይ አበባ ለብሶ አየሁት፤ እርሱን ማን ይከልክለው? እርጎና ዳቦ ጎረቤት ሰጥቶኝ ብቻዬን በላሁ። ብቸኝነት ይሰማኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተሰማኝም። የእቴነሽ እናት «ዛሬስ ቤት ትውላለህ?» ያለችኝ መሰለኝና፣ «ዛሬ ውያለሁ» አልኳት። ጋቢዬን አላጠብኩትም፤ ወተት ወተት ይሸታል።

እነዚህ ሰዎች መቼ እንደሚሄዱ አላውቅም፤ ባሕረ ሐሳብ ይህን አያወጣም። ሉቃስ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ይመለሳል፣ ይህን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ተረፈ አራት ዓመት አልፎት፣ ከወገቤ በላይ ይደርሳል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ያን ምሽት ሸዋ ሮቢት ላይ የመጀመሪያውን ችቦ የሚለኩሰው እርሱ ነው፤ እኔም የማንንም ወረቀት ሳልይዝ እወርዳለሁ። አንተ ለችቦው የሚሆን እንጨት ከአሁኑ ማድረቅ ጀምር፤ ቀኑን እኔ እቆጥራለሁ።

ወይም ተወው፣ ቀኑንም አንተው ቁጠር።

መምህርህ ደስታ